ማሽን ከማቆማችሁ በፊት፦ ለውጭ ገበያ በሚያመርቱ ፋብሪካዎች ደጋግመው የሚሠሩ ስህተቶች

የምሳ ሰዓት ያበቃል፣ አንድ መስመር ወደ ማሽኑ አይመለስም። ጎረቤቱ መስመር ያያል፣ ይነሣል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስድስት መቶ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት አለ። ማታ ላይ ግን ስለ ትርፍ ሰዓት የሚያወራ አይገኝም። ወሬው ሁሉ ማን ታሰረ፣ ማን መስታወት ሰበረ፣ የማን መታወቂያ ተነጠቀ ሆኗል። ይህ በስንት ፋብሪካ ታየ! አሁንም ይደገማል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አድማንና ሰልፍን አንድ አድርጎ ማየት ነው። የሥራ ማቆም አድማ ከአሠሪ ጋር ያለ ጉዳይ ነው፤ የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ሰላማዊ ሰልፍ አደባባይ ላይ የሚደረግ ነው፤ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። ሁለት ሕግ፣ ሁለት ደብዳቤ፣ ሁለት አድራሻ። ሳያሳውቅ ማሽን አቁሞ አስፋልት ላይ የወጣ ሠራተኛ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጥሷል፤ አሠሪውም ፖሊስም የየድርሻቸውን ያነሣሉ።

አድማው እንዴት ነው የሚጠራው? በመጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ ይጠራል። ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው መገኘት አለበት፤ 600 አባል ካለ 400 ሰው ማለት ነው። ከተገኙት አብላጫው አድማውን ይደግፍ፤ በ400 ሰው ስብሰባ 201 ድምፅ ይበቃል። ይህ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ የተገኙትም በስማቸው ትይዩ ይፈርማሉ። «ሁሉም ተስማምቷል» የሚል ቃለ ጉባኤ ዋጋ የለውም፣ ቁጥር ጻፉ። ጉዳዩን በአስማሚ፣ ማለትም ሁለቱን ወገን በሚያቀራርብ ገለልተኛ ሰው፣ ለመፍታት ጥረት መደረጉም መታየት አለበት። ከዚያ ለአሠሪው እንዲሁም ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወይም ለክልሉ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ፣ አድማው ከመጀመሩ 10 ቀን አስቀድሞ፣ ምክንያቱን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይገባል። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ሰጥታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በአደራ ፖስታ ላኩትና ደረሰኙን ያዙ።

ጉዳዩ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ወይም ለፍርድ ቤት ከቀረበ ሌላ ቆጠራ ይጀምራል። ውሳኔ ሳይሰጥ 30 ቀን ካልሞላ የሚጀመር አድማ ሕገ ወጥ ነው። ሰው ተቆጥቶ 22ኛው ቀን ላይ ይነሣል። ስምንት ቀን! ለስምንት ቀን ሲባል የብዙ ወር ልፋት ገደል ይገባል።

የደኅንነት ግዴታም አለ፣ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቦይለሩን ማን ያጠፋል? የማቅለሚያው ማሽን ውስጥ ኬሚካል ቢቀርስ? የፍሳሽ ማጣሪያው ሲቆም የሚፈስሰው ወዴት ነው? እነዚህን የሚጠብቁ ሰዎችን ስም ዝርዝር ከማስጠንቀቂያው ጋር አያይዙት። አድማ ላይ ሳላችሁ አንድ ቧንቧ ቢፈነዳ ዝርዝሩ ነው የሚያድናችሁ።

ወደ ውጭ መውጣት የግድ ከሆነ ደግሞ ለከተማው አስተዳደር ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ዓላማው፣ ቦታው ወይም መንገዱ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የአስተባባሪዎች ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይኑርበት። አዋጁ የሚለው አሳውቁ ነው እንጂ አስፈቅዱ አይደለም። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ በ12 ሰዓት ውስጥ መግለጽ አለበት፤ ጨርሶ አይደረግም ማለት አይችልም። በተግባር ግን «አልተፈቀደም» የሚል የቃል መልስ ይመጣል። በጽሑፍ ይሰጠን በሉ። ካልተሰጠ፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ልብስ ሰፊ ከቆመጥ ፊት አቁሞ «ሕጉ ከእኛ ጋር ነው» ማለት የአስተባባሪ ሥራ አይደለም። በዚያ ቀን ግቢ ውስጥ ቆዩ።

ከወጣችሁም ለየ25ቱ ሰው አንድ የሚታወቅ አስተባባሪ ይኑር። የጭነት መኪና መግቢያውን አትዝጉ። ዱላ፣ ድንጋይ፣ የብረት ሄልሜት አይያዝ።

ሁለተኛው ስህተት የሠራተኞች ካውንስልን ወይም በኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ቢሮ የተመረጠ ኮሚቴን እንደ ማኅበር መቁጠር ነው። ኮሚቴው ስለ ምግብ ጥራትና ስለ ሰርቪስ አውቶቡስ ሊያወራ ይችላል፤ የኅብረት ስምምነት (ማኅበር ስለ ሥራ ሁኔታ ከአሠሪ ጋር የሚገባው ውል) ግን አይፈርምም፣ አድማም አይጠራም። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት መሠረታዊ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ አባላቱ ከአሥር ማነስ የለባቸውም። መተዳደሪያ ደንቡንና የመሪዎቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ አስገቡ። መዝጋቢው አካል በ15 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ካላሳወቀ እንደተመዘገበ ይቆጠራል፤ ገቢ የተደረገበትን ቀን የሚያሳየው ቅጂ እዚህም ያስፈልጋል። የኅብረት ድርድር በጽሑፍ ስትጠይቁ ሌላው ወገን በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ጥያቄያችሁን ከረቂቁ ጋር ስጡ፣ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።

በሙከራ ጊዜ ላይ ያለን ሰው ሊቀመንበር አታድርጉ። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በዚያ ውስጥ ማሰናበት ቀላል ነው። አንደበተ ርቱዕ ይሁን፣ ይጠብቅ።

የአድማውን ቀን ኤችአር ያለበት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። የውጭ አገር ሥራ አስኪያጁንም በአገሩ ወይም በዘሩ አትስደቡ፤ አንድ ስክሪንሾት የስድስት መቶ ሰው ጥያቄ ይበላል።

«ደመወዝ ይጨመርልን» ብሎ መጮህም ለተደራዳሪ እጅ ምንም አይሰጥም። አስሉት። ወርኃዊ ደመወዝ 3,000 ብር፣ 26 ቀን በ8 ሰዓት ሲባዛ 208 ሰዓት፤ የሰዓት ዋጋው 14.42 ብር ነው። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከማታ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። ቀን ላይ 40 ትርፍ ሰዓት የሠራች ሴት 865 ብር ገደማ ይገባታል። በነጠላ ዋጋ 577 ብር ከተከፈላት 288 ብር ቀርቶባታል፤ በ600 ሰው ከ170,000 ብር ያልፋል፣ ያውም በአንድ ወር። በተጨማሪ አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቧል። ስለዚህ 40 ሰዓት የተሠራው በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሆነ፣ የክፍያው ጥያቄ የጥሰት ማስረጃም ይሆናል።

የሰዓት አቆጣጠር ነገር አስቂኝ ይመስላል፣ አያስቅም። ለአውሮፓ ገዥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አቤቱታ ላይ «መስከረም 3 ቀን 2016፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ሠራን» የሚለው ቃል በቃል ሲገለበጥ፣ አንባቢው የሚያየው የሰባት ዓመት ያረጀ ቅሬታና የጠዋት ፈረቃ ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ለእነሱ 2 ሰዓት ነው።

አቤቱታው ለማን ይላካል? ብዙዎች ለዓለም ንግድ ድርጅት፣ ለኤምባሲ፣ ለሁሉም ይልካሉ። የንግድ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲንጋፖር ላይ የሠራተኛ መብት መለኪያ የዓለም ሥራ ድርጅት ጉዳይ ነው ብሎ ተናግሯል። በ1999 አሜሪካ ሲያትል ከተማ በተደረገው የድርጅቱ ጉባኤ ላይ የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት በአሥር ሺዎች ወጥተው ይህን ለማስቀየር ሞከሩ፤ የታዳጊ አገሮች መንግሥታት እምቢ አሉ፣ ጉባኤውም ያለ ስምምነት ተበተነ። እዚያ የሠራተኛ አቤቱታ የሚቀበል መስኮት የለም። የዓለም ሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴም ከማኅበር እንጂ ከግለሰብ አይቀበልም።

የሚሠራው መንገድ ገዥውን ማወቅ ነው። የምትሰፉት ልብስ ላይ ያለውን ምልክት፣ የስታይል ቁጥርና የኦርደር ቁጥር በደብተር ጻፉ። ለአሜሪካ ገበያ የሚሄድ ልብስ ላይ አርኤን ከሚል ፊደል ጋር ያለው ቁጥር ኩባንያውን በኢንተርኔት ለማግኘት ያስችላል። ምልክቱን አትቁረጡ፣ ከግቢም አታውጡ፤ በስርቆት ለመክሰስ ይመቻል። ገዥው ከዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበር ጋር ማዕቀፍ ስምምነት (በአቅራቢ ፋብሪካዎች ጭምር የሠራተኛ መብት እንዲከበር የሚፈረም ውል) ካለው፣ የልብስ ኩባንያው ኤችኤንድኤም እ.ኤ.አ. በ2015 ከዓለም አቀፉ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት ኢንዱስትሪኦል ጋር እንደፈረመው፣ በፌዴሬሽናችሁ በኩል ሂዱ። የጀርመን ትልልቅ ኩባንያዎችም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የአቅራቢዎቻቸው ሠራተኞች ጭምር የሚጠቀሙበት የአቤቱታ መንገድ እንዲያዘጋጁ በሕግ ይገደዳሉ።

ሰው ሲያዝ አለመጻፍ ሌላው ነው። ስም እስከ አያት፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ የተወሰደበት ጣቢያ፣ ያየው ሰው። በወረቀት ይሁን፤ መጀመሪያ የሚወሰደው ስልክ ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል፣ የመጓጓዣው ጊዜ ሳይቆጠር፤ ሰዓቱን ካልጻፋችሁ ከየት ትቆጥራላችሁ? በሲያትል በጉባኤው ሁለተኛ ቀን ዌስትሌክ ፓርክ ላይ የተያዙት ሰልፈኞች ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ የረቱት በወረቀት ነው፦ ፖሊስ እያንዳንዱ ምን እንዳደረገ ለየብቻ ሳይጽፍ ፎቶኮፒ የሆነ አንድ ዓይነት ቃል ነበር ያያያዘው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከተማዋ ለ175 ያህል ሰዎች 1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች።

በመጨረሻ ቀን ማለፍ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ይታገዳል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን በ6 ወር፤ የየወሩ ለየብቻ እየሞተ ነው የሚሄደው። «ጉዳያችሁ እየታየ ነው» የሚለው የኤችአር ቃል ይህን ቆጠራ አያቆምም፤ ስለዚህ ሽምግልናው እየተካሄደም ቢሆን ክሱን አስገቡ፣ ከታረቃችሁ ማንሣት ይቻላል።