የበረንዳ ስቴይን ሲላጥ፣ ሲያጣብቅ፣ ሲጠቁር፦ ችግርና መፍትሄ

ለደጅ እንጨት የተሠራ ስቴይን (እንጨቱን የሚያቀልምና የሚጠብቅ ፈሳሽ ቅብ) የሚይዘው እንጨቱ ሲጠጣው ነው። በእንጨት በረንዳ ላይ የሚታዩት ችግሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት እንጨቱ ሳይጠጣው ሲቀር ነው፤ ወይ እርጥብ ነበር፣ ወይ ፊቱ ተዘግቶ ነበር፣ ወይ ከሚችለው በላይ ተቀብቶበታል። የበሰበሰ ጣውላ መቀየርን፣ ወጣ ያለ ሚስማር መምታትንና ወለሉን መጥረግን ታውቁታላችሁ ብለን እናልፈዋለን።

ምልክት፦ ስቴይኑ እንደ ቅርፊት ይላጣል

በተደጋጋሚ የሚመጣው ይህ ነው። ቅርፊቱ መጀመሪያ የሚነሳው ሰው በሚመላለስበት መስመርና በጣውላዎቹ ጫፍ ላይ ነው። አንዱን በጥፍር አንሱና ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩት፤ መንስኤው እዚያ ይነበባል።

ጀርባው ላይ ግራጫ የእንጨት ክር ተጣብቆ ከመጣ፣ የተቀባው ፀሐይ በበላው እንጨት ላይ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር የእንጨቱን ክሮች አያይዞ የሚይዘውን ሊግኒን ይሰባብራል። ስቴይኑ ግራጫውን ንብርብር አጥብቆ ይይዛል፤ ግራጫው ንብርብር ግን ከሥሩ ያለውን ጤነኛ እንጨት ለቆታል። ጀርባው ንጹሕና ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ጣውላው አዲስ የተላገ ነበር ማለት ነው፤ የመላጊያ ማሽን ምላጭ የእንጨቱን ፊት ጨፍልቆና አለስልሶ ስለሚተወው ስቴይኑ መግቢያ አጥቶ ላዩ ላይ ደርቋል። ጀርባው ላይ ሌላ የቆየ ቀለም ካለ አሮጌው ሳይነሳ ተደርቦበታል። ከመላጡ በፊት እንደ አረፋ አብጦ ከነበረ ከሥር የመጣ እርጥበት ገፍቶታል።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው እንዲህ ነው። እንዳይበሰብስ በመድኃኒት የተነከረ ጣውላ ገና ሲነኩት እየቀዘቀዘ ይገጠማል። "ዝናብ ሳያገኘው ይቀባ" ይባልና በዚያው ሳምንት ሁለት እጅ ይቀባል። መድኃኒቱ እንጨቱ ውስጥ የሚገባው ከውሃ ጋር በግፊት ስለሆነ ያ ውሃ ገና አልወጣም። ፀሐይ ሲመታው ወደ ላይ ይወጣና መንገዱን የዘጋበትን ስቴይን ያነሳዋል። ባለቤቱ የላላውን ብቻ ይፍቅና ሦስተኛ እጅ ይደርብበታል። በዓመቱ ሦስቱም እጅ አንድ ላይ ይነሳሉ፤ ያኔ ሥራው በእጥፍ ይከብዳል። በተላጠ ስቴይን ላይ መደረብ በምንም ዓይነት የቆርቆሮ ስቴይን አይስተካከልም። "በማንኛውም ላይ ይቀባል" የሚል ጽሑፍ ያለበትን አትመኑ።

መፍትሄው አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ማንሳት ነው።

መጀመሪያ ምን እንደተቀባ ለዩ። ክሩ ውስጥ ገብቶ የደበዘዘ ዘይት ከሆነ ሶዲየም ፐርካርቦኔት (በውሃ የሚሟሟ ማጽጃ ዱቄት) ይበቃዋል፤ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ከ45 እስከ 60 ግራም ሟሙቶ በዚያው ቀን ያልቃል፤ ተቀምጦ ያደረ ኃይሉን ያጣል። እንደ ፕላስቲክ ሽፋን የሠራ አክሪሊክ ከሆነ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ጠንካራ ማስለቀቂያ ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ዓይነት አንዳንዴ ለማስለቀቂያም አይበገርም፤ የቀረው መንገድ በማሽን ማሸት ብቻ ነው።

ማስለቀቂያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ፀሐይ ላይ ከተሠራ በአምስት ደቂቃ ይደርቅና አሮጌውን ቀለም መልሶ ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ በጥላ ሰዓት፣ በትንሽ በትንሹ ሥሩ። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳታደርጉ ክዳኑን እንኳ አትክፈቱ። በዙሪያው ያሉ ተክሎችን አስቀድማችሁ በውሃ አርሷቸው፣ ሲያልቅም እንደገና አጠቡ። መፈግፈጊያው ጠንካራ የናይለን ብሩሽ ይሁን። የሽቦ ብሩሽ አትጠቀሙ፤ የሚሰባበረው ሽቦ እንጨቱ ውስጥ ይቀርና ሲዝግ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል።

የግፊት ውሃ ማሽን ካለ ከ40 እስከ 80 ባር ባለው ግፊት፣ ሰፋ ብሎ በሚረጭ አፈሙዝ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በእንጨቱ ክር አቅጣጫ ሥሩ። ጠጋ ብለው ሲረጩበት እንጨቱ እንደ ጥጥ ይነፋል። ብዙ በረንዳ የተበላሸው በዚህ ነው፤ የተቆፈረው ጣውላ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ቀጥሎ ያለውን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። ማስለቀቂያው እንጨቱን ያጠቁራል፣ አልካሊም (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ቅሪት) ትቶበት ይሄዳል። በአንድ ሊትር ውሃ 30 ግራም ያህል ኦክሳሊክ አሲድ ሟሙቶ ይቀባ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በደንብ ይታጠብ። እንጨቱ ዓይናችሁ እያየ ወደ ራሱ ቀለም ይመለሳል። ይህ ካልተደረገ አዲሱ ስቴይን ይጠቁራል፣ በወጉም አይይዝም። ኦክሳሊክ አሲድ መርዝ ነው፤ ዱቄቱን አትተንፍሱት። ማስለቀቂያውና አሲዱ በአንድ ባልዲ አይገናኙ፤ አንዱ በውሃ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው ሌላው የሚቀባው።

ከታጠበ በኋላ ቢያንስ ሁለት ደረቅ ቀን ጠብቁ። የእርጥበት መለኪያ ካለ 15 በመቶ ወይም ከዚያ በታች እስኪያነብ አትቀቡ። መለኪያ ከሌለ በተለያየ ቦታ ጥቂት የውሃ ጠብታ አድርጉ። በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከጠጣው ዝግጁ ነው። ጠብታው ላዩ ላይ እንደ ዶቃ ተቀምጦ ከቀረ ወይ እርጥብ ነው፣ ወይ ፊቱ ዝግ ነው፣ ወይ አሮጌ ስቴይን ቀርቶበታል።

ፊቱ የተዘጋው የሚከፈተው በማሸት ነው። የቪቴዎቹን ራስ ከጣውላው ፊት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጉ፤ አለዚያ የብርጭቆ ወረቀቱን ይበጣጥሱታል። በ60 ቁጥር ጀምራችሁ በ80 ቁጥር አቁሙ። ወለሉን እንደ ጠረጴዛ እስኪያበራ በ150 ቁጥር የሚያለሰልሱት ሰዎች የከፈቱትን ቀዳዳ መልሰው ይዘጉታል፤ ከዚያ "ስቴይኑ መጥፎ ነው" ይላሉ። የድሮ በአርሰኒክ መድኃኒት የተነከረ ጣውላን ወይም ሊድ ሊኖርበት የሚችል አሮጌ ቀለምን በፍጹም አታሹ፤ ብናኙ መርዝ ነው።

በአንድ ጥግ ብቻ ደጋግሞ የሚላጥ ከሆነ ከሥሩ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በቅጠልና በአፈር ተደፍኗል፣ ወይ በረንዳው መሬት ሊነካ ቀርቦ አየር አያልፍበትም፣ ወይ ውሃ ከሥሩ ይተኛል። ክፍተቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሊኖረው ይገባል። አየር ካላገኘ የላይኛውን ፊት አሥር ጊዜ ቢቀቡት ከሥር የሚመጣው እርጥበት ያነሳዋል።

ዳግም ሲቀባ የሚመረጠው

ለሚረገጥ ወለል የሚሻለው ከፊል አሳላፊ፣ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ዘይት ያለበት ስቴይን ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ሲያረጅም ይደበዝዛል እንጂ ቅርፊት ሆኖ አይነሳም። እድሳቱ የሚቀለው ለዚህ ነው። ቀለም አልባው ጨረር የሚከለክል ቀለም ዱቄት ስለሌለው በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ እንጨቱ ይሸብታል። ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ረጅም ዕድሜ ቢኖረውም በጠፍጣፋ ወለል ላይ ውሃ ሲተኛበትና ሲረገጥ ይላጣል። እሱን ለእጅ መደገፊያና ለቋሚዎች፣ ወይም እንጨቱ በጣም ተጎድቶ ሌላ አማራጭ ለሌለበት ወለል ተዉት። አንዴ ከተቀባ ወደ አሳላፊው መመለስ የሚቻለው አሽቶ ጨርሶ በማንሳት ብቻ ነው።

ምልክት፦ ቀናት አልፈው ያጣብቃል፣ ቦታ ቦታውን ያበራል

እንጨቱ መጠጣት ከሚችለው በላይ ተቀብቷል። የሚያበራው ቦታ የተረፈው ዘይት ያረፈበት ነው። ስቴይን ሲወፍር አይጠነክርም። ለስላሳ እንጨት ላይ አንድ ሊትር ከ4 እስከ 7 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ የእናንተ አንድ ሊትር 2 ካሬ ሜትር ላይ ካለቀ ትርፉ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ጠንካራና ጥቅጥቅ ያሉ የሐሩር አገር እንጨቶች ደግሞ የሚጠጡት በጣም ትንሽ ነው፤ ለእነሱ ተብሎ የተሠራውን ዘይት በስሱ ቀብቶ ወዲያው መጥረግ ግድ ነው።

ዘይት ያለበት ከሆነ አኳራጅ በነካ ጨርቅ እስኪለቅ እሹት። ካልለቀቀ ያንኑ ስቴይን በጣም በስሱ ቀቡበት፤ አሮጌውን ያለሰልሰዋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁሉንም አብራችሁ በጨርቅ ጥረጉ። በውሃ የሚቀጥነው ዓይነት ለአኳራጅ አይለቅም፤ በማስለቀቂያ ይነሳል። ለወደፊቱ አንድ እጅ ቀቡ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁና ያልተጠጣውን ጥረጉ። ሁለተኛ እጅ የሚጨመረው የቆርቆሮው መመሪያ ከፈቀደ፣ ያውም የመጀመሪያው ሳይደርቅ ነው።

ዘይት የነካው ጨርቅ ከዚህ ሁሉ የከፋው አደጋ ነው። ተጨብጦ ወይም ተቆልሎ ሲቀመጥ ዘይቱ ሲደርቅ የሚያወጣው ሙቀት ይጠራቀምና ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። አንድ በአንድ ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት፣ ወይም ውሃ በሞላ ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ውስጥ ክተቱት። በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ቤት ውስጥ እንዳታሳድሩት።

ምልክት፦ ጥቁር ነጠብጣብ

አንድ ጠብታ በረኪና አድርጉበት። በአንድና በሁለት ደቂቃ ከነጣ ሻጋታ ነው። ካልነጣና ነጠብጣቡ በሚስማር ዙሪያ ከሆነ፣ የሚስማሩ ብረት በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ተዋህዶ የሠራው ጥቁረት ነው። ጠብታውን በውሃ አጥባችሁ አስወግዱ፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ሻጋታው በፐርካርቦኔት ይታጠባል። በረኪና ወለሉን በሙሉ ለማጠቢያ አይሆንም፤ የእንጨቱን ክር ያላላል። ጥላ በበዛበት ቦታ የተልባ ዘይት የሚበዛበትን ስቴይን አትምረጡ፤ ለሻጋታ ምግብ ነው። የብረቱ ጥቁረት ግን የሚነሳው በኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ ሚስማሩ ካልተቀየረ ተመልሶ ይመጣል። ስቴንለስ ስቲል ወይም በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ጋልቫናይዝድ ቪቴ ግጠሙ። ስስ ሽፋን ያለው ርካሽ ቪቴ በመድኃኒት በተነከረ ጣውላ ውስጥ ቶሎ ይበላል፤ በቪቴ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ወለሉን በሙሉ ያስነቅላል።

ምልክት፦ ዥንጉርጉር ቀለም፣ የብሩሽ ድርብርብ መስመር

ድርብርቡ የሚመጣው የተቀባው ጠርዝ ደርቆ ሲደረብበት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጣውላ ብቻ ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳታቋርጡ ጨርሱ፤ መሃል ላይ አታቁሙ። የሞቀ ወለል ላይ አትቀቡ፤ ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው አየር ይስማማዋል። ብዙ ቆርቆሮ ካለ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ባልዲ ቀላቅሉ፤ የአንዱ ቀለም ከሌላው ትንሽ ይለያል። የቀለሙ ዱቄት ሥሩ ስለሚዘቅጥ በሥራው መሃል ደጋግማችሁ አማስሉ። በሮለር ከቀባችሁ በብሩሽ ተከታተሉት፤ ሮለር ብቻውን ላዩ ላይ ትቶት ይሄዳል። የጣውላውን የተቆረጠ ጫፍ አትርሱ፤ ውሃ ከሁሉ በላይ የሚገባው በእሱ ነው።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

ነጭ ደመና የመሰለ፦ በውሃ የሚቀጥነው ስቴይን ሳይደርቅ ዝናብ ወይም ጤዛ አግኝቶታል። ክብ ጥቁር ቦታ፦ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበት ውሃ አፍኗል፤ ማሰሮውን እግር ባለው ማስቀመጫ ላይ ከፍ አድርጉት። የጎማ ምንጣፍ ቅርጽ፦ ከጎማው የወጣ ኬሚካል ነው፤ ካልታሸ አይለቅም።

እድሳቱ

በዓመት አንድ ጊዜ የውሃውን ጠብታ ሙከራ ድገሙ። ውሃው አሁንም ላዩ ላይ ከተንከባለለ አትንኩት፤ ሳያረጅ የሚደረብ እጅ የማጣበቅ ችግርን መልሶ ያመጣል። ውሃውን መጠጣት ሲጀምር በፐርካርቦኔት እጠቡ፣ በኦክሳሊክ አሲድ መልሱት፣ አድርቁ፣ ያንኑ ስቴይን አንድ ስስ እጅ ቀቡ። የቆርቆሮውን ስምና የቀለም ቁጥር የተቀባበትን ቀን ጨምራችሁ ጻፉና አስቀምጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እንደተቀባ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። የተረፈው በደንብ ተከድኖ ይቀመጥ፤ በውሃ የሚቀጥነው ዓይነት በረዶ ከያዘው ይበላሻል፣ ቢቀልጥም አይቀባም።