በካንሰር ምክንያት ሆድ ውሃ ሲቋጥር፦ ለአስታማሚዎች የቀረበ የማስታገሻ እንክብካቤ መመሪያ

ካንሰሩ በተስፋፋበት ሕመምተኛ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም ሆዱ ይወጠራል፣ ትንሽ እንደቀመሰ ይጠግባል፣ በጀርባው ሲተኛም ትንፋሽ ያጥረዋል። በዚህ ደረጃ የሕክምናው ዓላማ ጭንቀቱን ማቅለል ስለሆነ፣ ፈሳሹ ይቀዳ ወይስ ይቆይ የሚለው ሆዱ በመግፋቱ ሳይሆን ሕመምተኛው በመጨነቁ ሊወሰን ይገባል። እንቅልፍ የነሳው፣ ምግብ የከለከለው ምን እንደሆነ አስቀድመው እሱን ራሱን ይጠይቁት።

ፈጥኖ የሚያሳርፈው መቅዳት ነው። ሐኪሙ ቦታውን በአልትራሳውንድ አይቶ፣ ቆዳውን አደንዝዞ፣ በቀጭን ቱቦ ያወጣዋል፤ እስከ 5 ሊትር የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር ምትክ ፈሳሽ መስጠት ሳያስፈልግ ሊቀዳ ይችላል። ሆኖም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ እንደሚሞላ ቤተሰቡ ከወዲሁ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ሆዱ ዳግመኛ ሲወጠር ሕክምናው እንደከሸፈ አድርጎ ተስፋ ይቆርጣል። ቶሎ ቶሎ የሚሞላ ከሆነ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ቱቦ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። እንደ ስፓይሮኖላክቶን ያሉ የሚያሸኑ መድኃኒቶች ይበልጥ የሚረዱት ካንሰሩ ጉበትን ሲወርር ነው፤ የሆድ ዕቃን ሽፋን በወረረበት ጊዜ ግን ጥቅማቸው አነስተኛ ነው።

ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥተው ደሴ የሚታከሙ፣ ከተቀዳ በኋላ የደም ግፊት ሊወርድ ስለሚችል ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወዲያው አይጀምሩት። ሕመምተኛው ጋደም ብሎ ይረፍ፣ ቀስ ብሎም ይነሣ።

ቤት ውስጥ ትራስ ደራርበው ራሱንና ደረቱን ከፍ ያድርጉለት። የደሴ ብርድ ከባድ ብርድ ልብስ ቢያስደርብም ክብደቱ የተወጠረውን ሆድ ይጫናልና ቀለል ያለ ጋቢ ይሻላል። አጥሚት፣ እንቁላል ወይም ወተት ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ያቅርቡለት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «ሆዱ ውሃ ቋጥሯል» ተብሎ የሚጠጣ ውሃ የሚከለከል ሕመምተኛ ነው። የጠማውን ሰው ውሃ መንፈግ በካንሰር የመጣውን ፈሳሽ አያደርቀውም፤ አፉን ያደርቀዋል እንጂ። ስለ ጾምም ቢሆን፣ ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም፣ በጠና የታመመ ሰው እንደማይገደድ የሃይማኖት አባቶች ራሳቸው እንዲነግሩት ቢያደርጉ ልቡ ያርፋል።

በሐኪም የታዘዘ ሞርፊን ሕመምን ብቻ ሳይሆን የትንፋሽ ማጠርንም ያቀላል፤ ሆድ ስለሚያደርቅ ግን ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ይጠይቁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ሳያማክሩ አይስጡ። ትኩሳት፣ ድንገተኛ ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ ራስ መሳት ወይም የሽንት መቀነስ ከታየ፣ ወይም የተቀዳበት ቦታ ማንጠባጠቡን ካላቆመ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።