ለተፈናቃይ እናት የሕፃን ማዘያ እንዴት ይዘጋጃል?

ደብረ ብርሃን ከሚገኙ መጠለያዎች በአንዱ ያነጋገርኋት እናት በእርዳታ የተሰጣትን ዘመናዊ የሕፃን ማዘያ አጣጥፋ ትራስ አድርጋው ነበር። የፕላስቲክ ዘለበቱ ተሰብሯል፤ ተመሳሳዩ ደግሞ በገበያ አልተገኘም። ልጇን ያዘለችው በነጠላ ነው። ለስደተኛና ለተፈናቃይ እናቶች የጉዞ ዕቃ ለመሥራት ያሰባችሁ ልብስ ሰፊዎችና የዲዛይን ተማሪዎች ሥራችሁን ከዚህ ትራስ እንድትጀምሩ እለምናለሁ፤ መንገድ ላይ ሲበላሽ እናቲቱ በመርፌና በክር ልትጠግነው የማትችለው ዕቃ ለእርሷ የተሠራ አይደለም።

ጨርቅ ከመቁረጣችሁ በፊት ከእናቶች ጋር ቁጭ በሉ። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስገኝም፤ ይልቁንም ከቤቷ በወጣችበት ቀን ልጁን እንዴት አዝላ፣ በእጇ ምን ይዛ፣ ለማጥባት የት ላይ ቆማ እንደነበር በተግባር እንድታሳያችሁ ጠይቋት። አብዛኛውን ጊዜ አንድ እጇ ታላቁን ልጅ፣ ሌላው ጓዟን ይዟል፤ ስለዚህ ማዘያው ሁለቱንም እጆቿን ነፃ ማድረግ አለበት።

ለቅርጹ ከአንቀልባ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ቆዳው ግን ዝናብ ሲመታው ስለሚከብድ በወፍራም ካኪ ተኩት። ማሰሪያው ቀጭን ከሆነ ትከሻን ይቆርጣል፤ ስፋቱ ከመዳፍ አይነስ፣ ደረት ላይ ተሻግሮም ወገብ ላይ በቋጠሮ ይታሰር። የማዘያው መቀመጫ ከሕፃኑ አንዱ ጉልበት እስከ ሌላው ደርሶ ጉልበቶቹን ከቂጡ ጥቂት ከፍ ሊያደርግ ይገባል፤ እግሮቹ ተጣብቀው ከተንጠለጠሉ የዳሌው መገጣጠሚያ ሊጎዳ ይችላል። አንገቱን ገና ያላጸና ጨቅላ በእናቱ ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ይታቀፍ እንጂ በጀርባ አይታዘል። አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ የአየር መተላለፊያው ሊዘጋ ስለሚችል በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፤ አፍንጫውና አፉም ሁልጊዜ ለእናቱ ይታዩ። ክብደቱ ዝቅ ብሎ የተወለደ ሕፃን ገላው ከእናቱ ገላ ጋር ተነካክቶ መሞቅ ስለሚያስፈልገው ማዘያው ከፊት ለፊት ለዚህ እንዲመች ይሰፋ።

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለው ቆላ ይደርሳል። ጠዋት ለውርጭ የተሸፈነ ሕፃን ከሰዓት በኋላ በዚያው ልብስ ከመጠን በላይ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ ውስጡ ስስ ጥጥ ሆኖ ላዩ ተፈትቶ የሚነሣ የሱፍ ድርብ ይኑረው፤ ለዚህም የመንዝ ሸማኔዎች ከበግ ፀጉር የሚሠሩት ባና በቅርብ አለ። የዝናብ መከላከያው እንደ ጣሪያ ከላይ ይዘርጋ እንጂ ፊቱን አይሸፍን።

ብርሃን የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ በአስፋልት ዳር በምሽት ለምትሄድ እናት ሕይወት አዳኝ ነው። ነገር ግን ከሚያሳድዳት ሰው የምትሸሸግ እናት መታየት አትፈልግም። ጥብጣቡን በሚታጠፍ ክፍል ላይ ስፉት፤ መግለጡንም መሸፈኑንም እርሷ ትወስን።

ወገብ ላይ በሚታሰረው ኪስ ውስጥ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ የተጠቀለለ የክትባት ካርድ፣ ሳሙና፣ የጨርቅ ዳይፐርና ኦአርኤስ (በተቅማጥ የጠፋ ውኃና ጨው የሚተካ፣ በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ይግቡ። አንድ የኦአርኤስ ከረጢት በተለምዶ የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ስለሆነ ሊትሩን የሚያመለክት መስመር ያለው መያዣም ጨምሩ። ጡጦ ግን አታካትቱ፤ በመንገድ ላይ አጽድቶ መያዝ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ ለተቅማጥ በር ይከፍታል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 እ.ኤ.አ. የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ማስተዋወቅ የሚገድበውን ደንብ ያጸደቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጡት መጥባት ለማይችል ሕፃን በቀላሉ የሚታጠብ ትንሽ ኩባያ ይሻላል።

ስፌቱ ሲያልቅ በመጀመሪያ 30 ኪሎ አሸዋ ጭናችሁ አንድ ሌሊት ስቀሉት፤ የዓመት ልጅ 10 ኪሎ ገደማ ቢሆንም በሩጫ ጊዜ በስፌቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከዚያ ይበልጣል። አሥር ጊዜ አጥባችሁ እንደገና ሞክሩት። ከዚያም ባዶውን ማዘያ ለአንዲት እናት ስጧት፤ መብራት አጥፉና ያለማንም እርዳታ የልጅ ክብደት ያለው የአሸዋ ከረጢት አዝላ እንድትቆም ጠይቋት። በጨለማ ማሰሪያውን ካጣችው ወደ መቀሱ ተመለሱ።