ብሎኬቱ አጥር እንጂ ምድጃ አይደለም፦ የግቢ እሳት ቦታ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ማታ ደጅ መቀመጥ ያለ እሳት አይሞከርም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ እንደገባች ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ስለዚህ ቤተሰቤ ግቢ ውስጥ፣ ከግንባታ በተረፈ ብሎኬት፣ እሳት የምናነድበት ቦታ ሠራን። በሦስተኛው ማታ አንዱ ብሎኬት ጮኾ ተሰነጠቀ፤ መዳፍ የሚያህል ፍንካች ታናሽ እህቴ ከተቀመጠችበት ዱካ አጠገብ ወደቀ። ማንም አልተጎዳም። በማግስቱ አፍርሰን እንደ አዲስ ሠራነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ በእኛው እጅ የተሠሩ ናቸው።

እሳቱ ብሎኬቱን እንዲነካ መተው

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ብሎኬት ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ወይም ፓሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ተደባልቆ የሚሠራ ነው። ሲሚንቶውን አጥብቆ የያዘው በውስጡ የታሰረው ውሃ ነው። ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሲያልፍ ያ ውሃ እየተለቀቀ ብሎኬቱ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል፤ በ600 ዲግሪ አካባቢ ከግማሽ የማይተናነስ አቅሙ ይሄዳል። ደህና የተቀጣጠለ የእንጨት እሳት ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። በዚያ ላይ የውስጡ ፊት ሲግል የውጪው ብርድ ላይ ስለሆነ አንዱ ሲለጠጥ ሌላው አይከተለውም፤ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል።

እናቴ ለጉልቻ ከወንዝ የወጣ ድንጋይ አታስገባም። «ውስጡ ውሃ አለ፣ ይፈነዳል» ትላለች። እኛ ይህን እየሰማን አድገን ብሎኬትን ግን ከድንጋይ ለይተን አየነው።

መፍትሔው ብሎኬቱን መተው አይደለም፤ በርካሽ የሚገኝና ለመደርደር የሚቀል ዕቃ ነው። ሥራውን መለየት ነው የሚያስፈልገው፦ ብሎኬቱ አጥር ይሁን፣ እሳቱን የሚይዘው ሌላ ነገር ይሁን። የእኛ ምርጫ ግማሽ በርሜል ነበር። ባለ 200 ሊትር በርሜል ወርዱ 58 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወገቡ ላይ ሲቆረጥ ቁመቱ 44 ይሆናል። 40 በ20 በ20 የሆነውን ብሎኬት በየጎኑ 2 አድርጋችሁ፣ የአንዱ ጎን ጫፍ የሚቀጥለውን ጎን እየነካ በዙሪያው ብትደረድሩት፣ በ2ቱ ብሎኬቶች መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ከተዋችሁ በኋላ ውስጡ 65 በ65 ይወጣል። በርሜሉ መሃል ሲቀመጥ በየጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል አየር ይተርፋል። ያ አየር ነው ብሎኬቱን የሚያድነው። ለአንድ ዙር 8፣ ለ2 ዙር 16 ብሎኬት ይበቃል።

በርሜል ካልተገኘ ሸክላ ጡብ በጎኑ አቁማችሁ ውስጡን አልብሱት፤ ጡቡ ሲጀመርም በእሳት ተተኩሶ የወጣ ስለሆነ ሙቀት ይችላል። የከባድ መኪና አሮጌ ቸርኬም ይሆናል፤ ብረቱ ወፍራም በመሆኑ ከበርሜል ይልቅ ዕድሜ አለው።

ከማምረቻው የወጣ እርጥብ ብሎኬት ወስዶ ወዲያው እሳት ማሳየት

ብሎኬት ከተመረተ በኋላ እንዲጠነክር ለቀናት ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ትኩሱ ብሎኬት ደረቅ ቢመስልም ውስጡ ረጥቧል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይጨምራል፤ መውጫ ሲያጣ ብሎኬቱን ይሰብረዋል። የእኛ የተሰነጠቀው የክረምቱ ዝናብ ሲደበድበው የከረመው ነበር፤ መሬት ላይ የተኛው ወገኑ ጠቁሮ ይታይ ነበር፣ እኛ ግን አቧራ መስሎን በመጥረጊያ ጠርገን አለፍነው።

ከተመረተ ቢያንስ 28 ቀን ያለፈውን ውሰዱ፤ ከዚያም ከመሬት አንሥታችሁ ፀሐይና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ጥቂት ሳምንት አቆዩት። የመጀመሪያዎቹን 2 ወይም 3 ማታዎች ትንሽ እሳት ብቻ አንድዱ።

በሲሚንቶ መገንባት

ግንበኛው በዕድሜ የሚበልጠን ሰው ነው፤ «ጋሼ፣ ያለ ሲሚንቶ ይደርደር» ስንለው «ያለ ሲሚንቶማ ይፈርሳል ልጆቼ» አለን። ለቤት ግድግዳ ልክ ነው። እሳት አጠገብ ግን ብሎኬቱ ሲሞቅ መለጠጥ፣ ሲቀዘቅዝ መሰብሰብ አለበት፤ ሲሚንቶ ጠፍሮ ከያዘው የሚሰነጠቀው መገጣጠሚያው ወይም ራሱ ብሎኬቱ ነው። ዝም ብላችሁ ደርድሩት። ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሪያው በተቃራኒ አቅጣጫ አዙራችሁ ጀምሩ፤ ያን ጊዜ ማዕዘኑ ይቆላለፋል፣ ክፍተቶቹም አንዱ ካንዱ በላይ አይውሉም። አንዱ ቢሰበር እሱን ብቻ አውጥታችሁ ትለውጣላችሁ። ጋሼም እንደ አዲስ የሠራነውን ሲያይ በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ሞከረው፤ አልተነቃነቀም።

ሣር ላይ ወይም ሊሾ ላይ ማስቀመጥ

ሊሾ የሲሚንቶ ወለል ስለሆነ ብሎኬቱን የሚሰብረው ነገር እሱንም ይሰብረዋል። ሣር ላይ ከሆነ ደግሞ ደረቅ ሥር ውስጥ ለውስጥ እየተቃጠለ ሊሄድ ይችላል። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፣ ሥሩን ንቀሉ፣ ጠጠር ሙሉበት። መሬታችሁ መረሬ ጥቁር አፈር ከሆነ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ብሎኬቱን እያነሣ እያወረደ ያዛንፈዋል። ለእንዲህ ያለው መሬት ጠጠሩን ጨመር አድርጉ።

ለአየር መግቢያ አለመተው

ጭስ ሲበዛ ሰው እንጨቱን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከታች አየር አለመግባቱ ነው። የበርሜሉን ታችና የጎኑን ግርጌ አውራ ጣት በሚያክል ቀዳዳ ብሱ፤ በርሜሉን 3 ትናንሽ ድንጋዮች ላይ፣ ልክ እንደ ጉልቻ፣ አስቀምጡት። በብሎኬቱ ክፍተት የገባው አየር በሥሩ ያልፋል። አፉ ከብሎኬቱ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ይሁን፣ ነበልባሉ ከላይኛው ብሎኬት እንዲርቅ ያደርጋል። ያ ቀዳዳ ዝናብ ሲገባም ውሃውን ያወጣዋል።

ምን እንደያዘ ያልታወቀ በርሜል መቁረጥ

ቤንዚን ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ባዶ ቢሆንም ትነቱ ውስጡ ይቀራል፤ የመቁረጫው ፍንጣሪ ሲያገኘው ይፈነዳል። ይህ ሰው የሚገድል ነገር ነው። የምግብ ዘይት የነበረበትን ፈልጉ። ቀለሙና ቅባቱ ተቃጥሎ እስኪያልቅ የመጀመሪያውን እሳት ሰው ሳይቀመጥ አንድዱ፤ እስከዚያ ሥጋም በቆሎም አትጥበሱበት። በዚንክ የተለበጠ ብረትና ቆርቆሮም እሳት ውስጥ አይገባም፤ ጭሱ ያሳምማል።

ቦታውን ከሥራው በኋላ ማሰብ

እኛ መጀመሪያ የሠራነው ከማድ ቤቱ ክፈፍ 2 ሜትር የማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ከግድግዳና ከአጥር ቢያንስ 3 ሜትር፣ ግቢው ከፈቀደ 5 ሜትር አርቁ። ከጭድ ክምር ግን በጣም መራቅ አለበት፤ ፍንጣሪ ከነፋስ ጋር የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ቀና ብላችሁም እዩ፦ የመብራት ገመድ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ቦታው አይሆንም።

ያገኙትን ሁሉ ማንደድ

ደረቅ ግራር ወይም ደረቅ ባሕር ዛፍ ጥሩ ነው፤ ኩበትም ረጋ ብሎ ይነዳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ድንገት ይንቦገቦጋል፤ ልጆች ባሉበት አትጨምሩ። ቺፑድ፣ ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ፌስታልና ፕላስቲክ ጭሳቸው መርዝ ነው። አልቀጣጠል ሲል ቤንዚን ማርከፍከፍ ፈጽሞ አይሞከር፤ ጭራሮ ያለው ሰው ቤንዚን አያስፈልገውም።

ፍሙን ወደ ቤት ይዞ መግባት

ሲመሽ የተረፈው ፍም ያሳሳል፤ በከሰል ማንደጃ አድርጎ መኝታ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ብርዱ የቱንም ያህል ቢጠና አታስገቡ፤ ብርድ ልብስ ደርቡ።

አዳፍኖ መተኛት

አመድ ማልበስ እሳት የሚያጠፋ የሚመስለው አለ። እናቶቻችን ረመጡን በአመድ የሚያዳፍኑት ግን እንዳይጠፋ፣ እስከ ንጋት እንዲቆይ ነው። ማታ በ3 ሰዓት የተዳፈነውን እናቴ ጠዋት በ12 ሰዓት ገለጥ አድርጋ ጭራሮ ስታስጠጋበት እፍ ሳትል ይያያዝላታል። ሌሊት ነፋስ ቢነሣ ያንኑ ረመጥ ገልጦ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት እንጨት መጨመር አቁሙ። ከዚያ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አርከፍክፉ፤ በባልዲ አንዴ ከደፋችሁት እንፋሎቱ ፊት ይለበልባል፣ የጋለውንም ብሎኬት ይሰነጥቀዋል። በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አርከፍክፉ። እጃችሁን ከአመዱ በላይ ስትይዙት ሙቀት ካልተሰማችሁ በኋላ ነው በሩ የሚዘጋው።