ማሞቂያውን 5 ላይ ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያሞቀውም

ጀርመን ያላችሁ ወገኖች፣ ብርዱ ሳይጠና ይቺን ልብ በሉልኝ። የሃይሱንጉ (የቤት ማሞቂያው) መክፈቻ ላይ ያሉት ቁጥሮች የፍጥነት ሳይሆኑ የሙቀት ልክ ናቸው። 3 ላይ ስታደርጉት ክፍሉ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ይቀንሳል፤ 5 ላይ ከሆነ ግን ወደ 28 እስኪጠጋ አያቆምም። ሒሳቡን ነው የሚያንረው። ለመኝታ ቤት 2 ይበቃል። ሙቀቱን የሚለካው ያው መክፈቻው ራሱ ስለሆነ፣ መጋረጃ ወይም ሶፋ ከሸፈነው ሳሎኑ ሳይሞቅ ይዘጋል፤ እናንተም በርዷችሁ ቁጥሩን ትጨምራላችሁ። እባካችሁ ገለጥ አድርጉት። አየር ስትቀይሩ ደግሞ መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጋችሁ አትተዉት፤ ማሞቂያውን ዘግታችሁ ለ5 ደቂቃ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት። 1 ዲግሪ ብቻ መቀነስ ከማሞቂያ ወጪ 6 በመቶ ያህል ያተርፋል።