የሬኔሳንስን የሴቶች ትምህርት ክርክር እንዴት እናንብበው?

በሬኔሳንስ፣ ማለትም ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በአውሮፓ በነበረው የትምህርትና የጥበብ መነቃቃት ዘመን፣ ሴት ትማር ወይስ አትማር የሚል ክርክር ነበር። በዚህ ርዕስ ጽሑፍ ልትሠሩ ከሆነ ተከራካሪዎቹን «ደጋፊ» እና «ተቃዋሚ» ብላችሁ ለሁለት አትክፈሏቸው። አብዛኞቹ መሃል ላይ ናቸው፤ ነገሩ የሚጥመውም እዚያው ነው።

መጀመሪያ «ሴት ትማር» የሚለውን ሰው ያዙና ምን ትማር፣ ለምንስ ትማር ብላችሁ ጠይቁት። ጣሊያናዊው ምሁር ሊዮናርዶ ብሩኒ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለመኳንንት ወገኗ ለባቲስታ ማላቴስታ በጻፈላት ደብዳቤ ታሪኩንም፣ ግጥሙንም፣ የሃይማኖት መጻሕፍቱንም እንድታነብ ይመክራታል። የአደባባይ ንግግር ጥበብ ጋ ሲደርስ ግን ፍሬን ይይዛል፤ ችሎት ለማትቆም ሴት ምን ይሠራላታል ነው ነገሩ። መጽሐፉን ሰጥቶ አደባባዩን ከለከላት ማለት ነው። ስፔናዊው ምሁር ቪቬስም በ1520ዎቹ ለእንግሊዟ ንግሥት ካትሪን ባበረከተው መጽሐፍ ሴት ልጅ ትማር ይላል፣ ዋናው ዓላማው ግን ጨዋነቷን መጠበቅ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀጥሎ ሴቶቹን ራሳቸውን አንብቡ፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። በጣሊያን የብሬሺያ ከተማዋን ጸሐፊ ላውራ ቼሬታን ተመልከቱ። በ1488 በጻፈችው ደብዳቤ፣ እሷን ከሴት ሁሉ ለይቶ የሚያደንቃት ሰው ሌሎቹን እየሰደበ እንደሆነ ገብቷት ልክ ልኩን ትነግረዋለች። እኔ ብሆን የምጀምረው ከዚህች ደብዳቤ ነው።

ደግሞ ሴቶቹ የማን ልጅ እንደሆኑ እዩ። እነዚህ ሁሉ ከተማሩ ወይም ከባለጸጋ ቤት የወጡ ናቸው። የገበሬዋ ልጅ ክርክሩ ውስጥ የለችም፣ ስለዚህ «የሬኔሳንስ ሴቶች» ብላችሁ በጅምላ አትጻፉ።