የቤት ሚዲያ ማዕከልን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ እንዴት ማዛወር ይቻላል?

ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ፊልም፣ ሙዚቃና የቤተሰብ ቪዲዮ የሚያጫውት ኮምፒውተር በብዙ ቤት ውስጥ ዛሬም የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ዊንዶውስ 10ን ሲያወጣ ሚዲያ ሴንተር የተባለውን ፕሮግራም አስቀርቶታል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በዚህም ምክንያት አካላቸው ደኅና ሆኖ ሳለ ሶፍትዌራቸው ብቻ ያረጀባቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው፤ እነዚህን ከመጣል ይልቅ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ጭኖ ማሠራት ይሻላል። ሥራው መጀመር ያለበት ግን ከሶፍትዌሩ ሳይሆን ከፋይሎቹ ነው። ሶፍትዌር ቢበላሽ እንደገና ይጫናል፤ ልጅ መጀመሪያ ሲራመድ የተቀረጸ ቪዲዮ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ አይመለስም።

ያለዎትን ይለዩ

ፋይሎችዎን በሦስት ይክፈሏቸው። እንደ ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ኤምፒ3 እና ፍላክ ያሉት ያለ ምንም ለውጥ በሊኑክስ ይከፈታሉ። በሚዲያ ሴንተር ከቴሌቪዥን የተቀዱት የደብሊውቲቪ ፋይሎች፣ የቅጂ መከላከያ እስካልተደረገባቸው ድረስ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ነፃ መሣሪያ ወደ ኤምኬቪ ይቀየራሉ። መከላከያ ያለባቸው ግን ከተቀዱበት ማሽን ውጪ ስለማይከፈቱ፣ ዊንዶውሱ ከመጥፋቱ በፊት አይቶ መጨረስ ግድ ነው። የክፍያ ቪዲዮ አገልግሎቶች ደንበኛ ከሆኑም አንዳንዶቹ በሊኑክስ ብሮውዘር ላይ የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርገው እንደሚያሳዩ አስቀድመው ይወቁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይቅዱ። የቅጂውን መጠን ከዋናው ጋር ያስተያዩ፤ ከየፎልደሩም ጥቂት ፋይሎችን እየከፈቱ እስከ መጨረሻቸው ይመልከቱ። ይህ ቅጂ ሳይኖር ወደሚቀጥለው እርምጃ መሄድ የለብዎትም።

ኮዲ የተባለውን ነፃ የፊልምና የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም ቀድሞውኑ በዊንዶውስ ላይ ይጠቀሙ ከነበረ፣ በሴቲንጉ ውስጥ የላይብረሪ መረጃን ወደ ተለያዩ ፋይሎች የሚያወጣውን ምርጫ ይጠቀሙ። የኮዲ መዝገብ እያንዳንዱን ፊልም የሚያውቀው በአድራሻው ነው፤ በዊንዶውስ የዲ ድራይቭ ላይ የነበረው ፊልም በሊኑክስ ሌላ አድራሻ ስለሚኖረው የቀድሞው መዝገብ ሊያገኘው አይችልም። መረጃው ከፊልሙ አጠገብ በትንሽ ፋይል ከተቀመጠ ግን አብሮት ይጓዛል።

አሮጌውን ሳይነኩ ይሞክሩ

ከሊኑክስ ዓይነቶች መካከል ሊኑክስ ሚንትን ወይም ኡቡንቱን አውርደው በፍላሽ ላይ ይጻፉና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሱት። ሁለቱም ምንም ነገር ሳይጭኑ የሚሞከሩ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ምስል ማሳየቱን፣ ድምፅ በኤችዲኤምአይ ገመድ መውጣቱንና ዋይፋዩ መሥራቱን ይፈትሹ። በዚህ ላይ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት በኋላ ብዙ ድካም ያድናል።

ምን እንደሚጭኑ የሚወስነው አጠቃቀምዎ ነው። ኮምፒውተሩ የአንድ ቴሌቪዥን ማጫወቻ ብቻ ከሆነ ሊብሬኤሌክን እመርጣለሁ፤ ኮዲን ለማስነሳት ያህል ብቻ የተሠራ ትንሽ ሊኑክስ ስለሆነ ሲከፈት በቀጥታ ወደ ኮዲ ይገባል። መጫኛው የተመረጠውን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ስለሚያጠፋ ፊልሞቹ ያሉበትን ዲስክ ገመድ ነቅለው ቢጭኑ መልካም ነው። በሌላ ክፍል ያለ ቴሌቪዥን፣ ስልክና ታብሌት ከአንድ ቦታ እንዲመለከቱ ከፈለጉ ደግሞ ሚንት ወይም ዴቢያን የተባለውን ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ጭነው፣ ፊልሞችን በቤት ውስጥ ላሉ መሣሪያዎች የሚያሠራጨውን ጄሊፊን የተባለ ሰርቨር ይጨምሩበት። ጄሊፊን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው፤ ኤምቢ የተባለው ሰርቨር ምንጩን ሲዘጋ ሌሎች ሠሪዎች የመጨረሻውን ክፍት ቅጂ ይዘው ቀጠሉ። ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ለተጠቃሚው የሚሰጠው ዋስትና ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዲስኩን በትክክል ማያያዝ

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ዊንዶውስ የሚመለሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ ላስረዳ። ዊንዶውስ ከ8ኛው ጀምሮ ፈጣን መነሻ የሚባል ዘዴ አለው፤ ኮምፒውተሩ የተዘጋ ቢመስልም ዊንዶውስ የሥራውን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ሊኑክስ እንዲህ የተተወን የኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት) ዲስክ ሲያገኝ ወይ አይከፍተውም ወይ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። በመሆኑም ዊንዶውስን ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘጉ ፈጣን መነሻን ያጥፉ፣ ወይም የሺፍት ቁልፍን ተጭነው ይዘው ይዝጉት። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነም አስቀድመው በዊንዶውስ ውስጥ መቆለፊያውን ሙሉ በሙሉ ያንሱለት።

ሁለተኛው ችግር ፈቃድ ነው። በሚንት ወይም በኡቡንቱ ላይ የዲስኩን ምልክት ጠቅ አድርገው ሲከፍቱት ፎልደሩ የሚከፈተው ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ጄሊፊን ግን በራሱ መለያ ስለሚሠራ ወደዚያ መግባት አይችልም። ላይብረሪው ባዶ ሆኖ ይታያል፣ ምንም የስህተት መልእክትም ላይመጣ ይችላል። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ምሽት የፋይል ስሞችን ሳስተካክል ካመሸሁ በኋላ ነው ጉዳዩ የፈቃድ መሆኑን የተረዳሁት። መፍትሔው ዲስክስ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ የማያያዣ ምርጫዎችን ከፍቶ፣ ዲስኩ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሁልጊዜ በአንድ ቋሚ ቦታ እንዲያያዝ ማድረግ ነው። መለያው የዲስኩ የራሱ ዩዩአይዲ ቁጥር ይሁን፤ ገመዱ ወደ ሌላ ሶኬት ቢዛወር እንኳ አይለወጥም። ከምርጫዎቹ መካከል ኖፌይል የሚለው ቃል መኖሩንም ያረጋግጡ፤ እሱ ከሌለ ዲስኩ ተነቅሎ ባለበት ቀን ኮምፒውተሩ 90 ሰከንድ ያህል ጠብቆ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል።

የፋይል ስም

በሊኑክስ የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል የተለያዩ ናቸው፤ በስም ልዩነት ብቻ ሰብታይትል ከፊልሙ ጋር ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል። እያንዳንዱን ፊልም በራሱ ፎልደር ያስቀምጡና ከስሙ ቀጥሎ የወጣበትን ዓመት በቅንፍ ይጻፉ፤ ኮዲም ሆነ ጄሊፊን ተመሳሳይ ርእስ ያላቸውን ፊልሞች የሚለዩት በዚህ ነው። በአማርኛ ለተሰየሙ የቤተሰብ ቪዲዮዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤክስት4 የተባለው የሊኑክስ የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ከ85 ፊደል በላይ የሆነ ስም በዊንዶውስ ቢሠራም ወደ አዲሱ ዲስክ አይቀዳም፤ ማሳጠር ያስፈልጋል።

ምስልና ድምፅ

ድምፅ ካልወጣ በኮዲ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ የውጤት መሣሪያው ኤችዲኤምአይ መሆኑን ይመልከቱ። ድምፁን ሳይፈታ እንዳለ የሚያሳልፈውን ፓስስሩ የሚለውን ምርጫ የሚያበሩት የራሱ መፍቻ ያለው የድምፅ መሣሪያ ካለዎት ብቻ ነው። የ4ኬ ፊልም ከተቆራረጠ ፊልሙ እየሄደ ሳለ በኪቦርዱ ላይ የኦ ፊደልን ይጫኑ፤ በሚመጣው መረጃ ላይ ቪዲዮው በሃርድዌር እየተፈታ መሆን አለመሆኑ ይታያል። ኤችኢቪሲ በተባለው የማመቂያ ዘዴ የተዘጋጀን ባለ10 ቢት ቪዲዮ በሃርድዌር የሚፈቱት ከ7ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት የኢንቴል ግራፊክሶች ስለሆኑ፣ ከዚያ የቀደመ ማሽን ላይ ሴቲንግ በመለዋወጥ ለውጥ አይጠብቁ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት አብዛኛውን ጊዜ ተራ ኮምፒውተርን በኤችዲኤምአይ አያዝም፤ ኮሬ የተባለው የኮዲ መተግበሪያ የአንድሮይድ ስልክን ሪሞት ያደርገዋል።

የቀድሞውን ዲስክ ቢያንስ አንድ ወር ሳይነኩ ያቆዩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የቤቱ ሰው ሁሉ አዲሱን ከተጠቀመበትና የጎደለ ፋይል ካልተገኘ፣ ያንን ዲስክ በኤክስት4 ፎርማት አድርገው የቤተሰብ ቪዲዮዎቹን ሁለተኛ ቅጂ ያኑሩበት፤ ከኮምፒውተሩም ነቅለው ለብቻው ያስቀምጡት።